አቻ የለውም

ነገ ማታ በአንድ ሰዓት፣ ከወንዙ ማዶ ባለው አዳራሽ፣
ሽመላና ተኩላ ይገናኛሉ።
ሽመላ የኛው ነው፤ አሥራ አንዴ በተከታታይ ተሸንፏል፣
ተኩላ ከኤዤራይ ነው፤ እሱም ዘጠኝ ቆጥሯል።
ሠንጠረዡን ከላይ ላነበበው ሰው ያደክማል፤
ጋዜጣውን ዘቅዝቃችሁ ብትይዙት ግን
አንደኛ እኛ ነን፣ ተከታዮቹ እነሱ፤
ታች ለከረመ ሰው ይኼም ዘውድ ነው ለሱ።

እኔ የነጥብ ሰሌዳው ሰው ነኝ።
ቀን ቀን ሒሳብ አስተምራለሁ፣
ማታ ማታ የሰፈሬን ሽንፈት እደምራለሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በአንዲት ወንበር፣
አንድ እግሯ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን የተደገፈች።
ካርቶኑ ተቀይሯል፤ እሷ አልተቀየረች።

«ምን ይታያል ብለህ ነው?» አለችኝ ዳኑቴ፣
ከትኬት መስኮቷ ጀርባ ሹራብ እየሠራች፤
አራት መቶ አሳትማ ስልሳ አንድ ሸጣለች፣
ስልሳ አንደኛዋን ራሷ ገዝታለች።

ምን ይታያል?
ቫይዶታስ፣ አምበላችን፣ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ፣
ሳይነጋ በመኪና ዳቦ ያድላል፣
ከሰዓት ጉልበቱን እንደ አራስ ልጅ ይጠቀልላል።
ስትዘል ያምሃል ወይ ብለው፣
«መዝለሉስ አያምም፤ መውረዱ ነው» አለ።

ላቮን አለ፣ ከኢንዲያና የመጣው፣
ከዳቦ ቤቱ በላይ በዱቄት ሽታ የሚያድረው፤
ከገና ወዲህ ደሞዝ አልገባም፣ በረዶ ብቻ ነው የገባ።
ከቋንቋችን አንዲት ቃል ለመደ፤
«ሪቶይ» ትባላለች፣ ነገ ማለት ናት፣
ሥራ አስኪያጁ ያስጠናው፣ ገንዘቡን በጠየቀው ሰዓት።

የነሱም አሰልጣኝ ዘንድሮ ሦስተኛው ነው፤
አንዱ ተባሮ፣ ሌላው ታሞ ቀርቶ፣
ይኼኛው ከቧንቧ ሥራው ተለምኖ መጥቶ።
ከመሐላቸው ታውትቪላስ፣ ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት፣
ከአውቶቡስ ሲወርድ እንደ ተሳላሚ ጎንበስ የሚለው፣
ተማሪዬ ነበር፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣
ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አልገባ ያለው።
ክፍልፋይ ስንማር አንድ ቀን እጁን አወጣ፦
«መምህር፣ ከአንድ ያነሰ፣ ከዜሮ ግን የበለጠ፣
ይኼ ነገር ምን ሆኖ ነው የሚኖረው?»
ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።
መልሱ ቀላል ነበር፤ አልመለስኩለትም።

ሰሌዳው አርጅቷል። በእንግዳው በኩል
የመሐሏ አምፖል ከጠፋች ሁለት ክረምት ሆናት፤
ስምንት ስጽፍ ዜሮ ነው የሚበራው።
ባለፈው ወር ሰባ ስምንቱ ሰባ መስሎ ቢታይ
«መራን!» ብሎ ሕዝቡ ተቃቀፈ።
እውነቱ ወረቀቴ ላይ ነበር፤ ዝም አልሁ።
ለአርባ ሰከንድ ያህል አሸናፊ ነበርን፣
እሷን ማን ይነጥቀናል?

ግምቴን ከጠየቃችሁኝ፣
እግር ኳስ ቢሆን ዜሮ ለዜሮ ተጨባብጠው ይሄዱ ነበር።
ይኼ ጨዋታ ግን አቻ የለውም።
እኩል ከሆኑ አምስት ደቂቃ ይጨመራል፣
አሁንም እኩል ከሆኑ ሌላ አምስት፣
የጽዳቱ ሠራተኛ መጥረጊያውን ተደግፎ እስኪያዛጋ፣
እስኪነጋ ቢሆን እንኳ እስኪነጋ።
ሁለት ተሸናፊ ገብቶ አንድ አሸናፊ መውጣቱ አይቀርም፤
ይኼን ያልሁት እኔ አይደለሁም፣ ሒሳቡ ነው።
የትኛው እንደሆነ ግን አላውቅም።

ዛሬ ማታ፣ አዳራሹ ባዶውን ሳለ፣
መሰላል ተውሼ ወጣሁ፤
ጣቴ በብርዱ እየደነዘዘ
የሞተችውን ፈትቼ አዲሷን አሰርሁ።
ዳኑቴ ከታች መሰላሉን ይዛ
«ለእንግዳው ነው?» አለችኝ።
«ለስምንቱ ነው» አልኋት።

ወርጄ አብርቼ አየሁት፦
ስምንት።
አጥፍቼ ቁልፉን ለዘበኛው ሰጠሁ።
ውጭ በረዶ እየጣለ ነበር፤
ነገ አውቶቡሳቸው ይዘገይ ይሆናል።